አስከሬኑ ለምን 12 ቀን ቆየ? ስለ ሜዲካል ኤግዛሚነር ቢሮዎች ሐኪም፣ በጀትና እውቅና

የእድር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በምኖርበት ከተማ የእድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት የደረሰብን ነገር ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ፣ ነገ ደግሞ በሌላው እድር እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው።

አንድ አባላችን ነበር። 46 ዓመቱ ነው፣ ኡበር ይነዳል። አንድ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አብሮት የሚኖረው ልጅ 911 ደወለ፣ ፖሊስ መጣ፣ ቀጥሎ የሜዲካል ኤግዛሚነር፣ ማለትም የድንገተኛ ሞትን ምክንያት የሚመረምረው የመንግሥት ሐኪም ቢሮ፣ መኪና መጥቶ አስከሬኑን ወሰደው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚያ ለቅሶ ተቀምጠው አስከሬኑን ይጠብቃሉ። እኛም በሦስት በአራት ቀን እንልካለን ብለን ገንዘብ አዋጥተን፣ አስከሬን የሚያሰናዳውን ፊውነራል ሆም አነጋግረን ጨርሰን ነበር።

12 ቀን ቆየ። ሚስቱ በየቀኑ ትደውላለች። «እህቴ፣ ዛሬስ ምን አሉሽ?» ትለኛለች። የምነግራት ነገር አልነበረኝም። በመጨረሻ አስከሬኑ ሲለቀቅ የሞት ሰርተፊኬቱ ላይ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታ «ፔንዲንግ»፣ ማለትም ገና አልተወሰነም፣ ይላል። ያ ቃል እስኪነሳ አምስት ወር ፈጀ። ኢንሹራንሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ዶላር አልከፈለም።

የቢሮውን ስም አልጠራም፤ የቤተሰቡ ጉዳይ ገና አላለቀም። አንድ ቀን ግን ተናድጄ ደወልኩና ስልኩን ያነሳችውን ሴት ተቆጣኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ሦስት ሐኪም ነው ያለን፤ ሰባት መሆን ነበረብን» አለችኝ። ድምጿ እንዴት እንደደከመ ልነግራችሁ አልችልም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

አሁን ካውንቲያችን የበጀት ስብሰባ ሊያደርግ ነው፣ ነዋሪ መናገር ይችላል። ሄጄ ልናገር አስቤያለሁ፤ ግን ምን ብዬ? እነዚህን ሐኪሞች የሚቀጥራቸው ማን ነው? የሚከፍለውስ? ሥራቸውን ማን ይቆጣጠራል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አቤል ዳላስ

ነፍስ ይማር። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ያልገባኝ ሰውየው ለምን እንደሚቀደድ ነው። ደም የለ፣ ጠብ የለ፣ በሩ አልተሰበረ። አጎቴ ሲሞት ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እየነገርናቸው ወሰዱት። ቤተሰቡ አይሆንም ካለ መብቱ መሆን የለበትም?

ከሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ ለሁላችሁም መጽናናትን ይስጣችሁ። እኔ በሞት መርማሪነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት ፈረቃ። ሞት ሲነገረን ብዙ ጊዜ ቦታው ድረስ የሚሄደው፣ መድኃኒቱን የሚቆጥረው፣ ቤተሰብ የሚያነጋግረው ሰው ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም።

አቤል፣ ጥያቄህ ተገቢ ነውና ከእሱ ልጀምር። ሰው ቤቱ ሲሞት ፖሊስ ለእኛ ይደውላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «መደበኛ ሐኪም ነበረው?» ብዬ ነው። የሚያክመው ሐኪም ተገኝቶ «አዎ፣ የልብ በሽተኛዬ ነው፣ ሰርተፊኬቱን እኔ እፈርማለሁ» ካለ፣ አስከሬኑ ብዙ ጊዜ ከቤት በቀጥታ ወደ ፊውነራል ሆም ይሄዳል። እኛ ጋ አይደርስም። ስኳር እንዳለበት ቤተሰብ መናገሩ አይበቃም፤ ፊርማው የሐኪም መሆን አለበት። የኛ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ብቻውን የሚኖር ወንድ፣ ቀን ከሌሊት ሲነዳ ውሎ ያድራል እንጂ ሐኪም ቤት አይሄድም። ዓመት ሙሉ አንድ ሐኪም ያላየው የ46 ዓመት ሰው ሞቶ ሲገኝ የሚፈርም የለም። ሕጉ ቢሮው እንዲወስደው ያስገድዳል።

የሚወሰደውም ሁሉ አይከፈትም። ከውጭ ብቻ ታይቶ፣ ደምና ሽንት ተወስዶ፣ የሕክምና መዝገቡ ተነቦ የሚለቀቅ ብዙ ነው። ያንን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቁ ሌሎች አስከሬኖች አሉበት። እህታችን የነገረችን 12 ቀን በአብዛኛው የተራ ጥበቃ ነው። ምርመራው ራሱ ሲጀመር ሰዓታት ነው የሚፈጀው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ከ2,000 በላይ ቢሮዎች አሉ፤ አንድ ወጥ ሥርዓት ግን የለም። አንዳንዱ ጋ የሞት ምክንያት የሚወስን ኮሮነር የሚባል ሹም አለ፤ ከእንግሊዝ የመጣ የድሮ ሹመት ነው፣ ብዙ ቦታ በምርጫ የሚያዝ። ፔንሲልቬንያና ኮሎራዶ በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ጆርጂያም ብዙው ካውንቲ ኮሮነር ይመርጣል፤ አትላንታ ዙሪያ ያሉት እነ ፉልተንና ዲካልብ ግን ሜዲካል ኤግዛሚነር አላቸው። የሚመረጠው ኮሮነር ሐኪም እንዲሆን ብዙ ቦታ አይጠየቅም፤ ምርመራ ሲያስፈልገው ሐኪም በኮንትራት ይፈልጋል። አቤል፣ አንተ ያለህበት ቴክሳስ ደግሞ ትንንሾቹ ካውንቲዎች ጋ የሞት ምክንያት የሚወስነው የሰላም ዳኛ የሚሉት ሰው ነው፤ ዳላስ ግን ሜዲካል ኤግዛሚነር አላት። ካሊፎርኒያ በአብዛኛው ካውንቲ ሸሪፉ ራሱ ኮሮነር ነው። ፖሊስ ይዞት የሞተ ሰው ሲኖር የሞቱን ዓይነት የሚፈርመው ሸሪፍ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። እዚያው ሳን ዋኪን ካውንቲ ይሠሩ የነበሩት የናይጄሪያ ተወላጅ ዶክተር ቤኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሸሪፉ በሥራዬ ጣልቃ ይገባል ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ሁለቱን ለይቶ የሜዲካል ኤግዛሚነር ቢሮ አቋቋመ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ኮሮነር የላችሁም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ለስቴቱ በሙሉ አንድ ቢሮ ነው ያለው፣ ባልቲሞር። ቨርጂኒያ አራት ቅርንጫፍ አላት፤ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያለ ሰው የሚሄደው ማናሳስ ነው።

ሥራቸውን ማን ይቆጣጠራል ላልሽው፣ ስለ እውቅናው ማታ እመለሳለሁ፤ ፈረቃዬ ሊጀምር ነው።

ማህሌት ነርስ

ስለ መደበኛ ሐኪም የተባለውን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለብን። ሐኪም ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ግን እስከዛሬ እንዲህ ተገናኝቶልኝ አያውቅም።

ቬጋስ ታክሲ

እኛ ጋም የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ይኼኛው ከሐኪም ቁጥር ጋር አይገናኝም፣ ግን ቀን ይበላል። ጓደኛችን ሲሞት «የቅርብ ዘመድ ማን ነው?» ሲባል ሚስቱ ቀረበች። የእሷ ስም ከእሱ ስም ጋር አንድ ፊደል አይመሳሰልም። ልጁ ደግሞ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ነው እንደ ቤተሰብ ስም የያዘው። ወንድሙ የአያታቸውን ስም ይዞ ነው የገባው፤ ያውም በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ ዓይነት ተጽፎ። ቢሮው ሦስቱንም ዘመድ ናቸው ብሎ ለመቀበል አራት ቀን ፈጀበት። እነሱም አይፈረድባቸውም፤ አስከሬን ለማይመለከተው ሰው ቢሰጡ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

አሁን እድራችን አባል ሲመዘገብ የፓስፖርት ኮፒ፣ የጋብቻ ወረቀትና «ብሞት የሚወስነው እገሌ ነው» የሚል የተፈረመ ወረቀት ይቀበላል። አንዳንዶቹ ሟርት ነው ብለው ተቆጥተውናል። ሆኖም አላቆምንም።

ከሌሊት ፈረቃ

ቬጋስ፣ የአባት ስም ነገር እውነት ነው። እኔ በሌለሁበት ፈረቃ የኛ ሰው ሲመጣ ባልደረቦቼ ቤቴ ድረስ ደውለው ይጠይቁኛል።

እንግዲህ እውቅና። ቢሮው የሙያውን መለኪያ ያሟላል የሚለውን ምስክርነት፣ አክሬዲቴሽን የሚባለውን፣ የሚሰጠው በዋናነት የሜዲካል ኤግዛሚነሮች ብሔራዊ ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የሙያ ማኅበር ነው። ለኮሮነሮች ደግሞ ሌላ ዓለም አቀፍ ማኅበር አለ። ቢሮው ሲያመለክት መርማሪ ይላካል፤ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ማቀዝቀዣው ይበቃል ወይ? ሟቹ በምን ማንነቱ ይረጋገጣል? ማስረጃ እንዴት ይታሸጋል? የሐኪሞቹ ቁጥር ከሥራው ጋር ይመጣጠናል ወይ?

ጉድለት ሲገኝ በሁለት ይመደባል። ቀላሉ ጥቂት ቢሆን ይታለፋል። ከባዱ ግን አንድ እንኳ ካለ ሙሉ እውቅና የለም፤ ወይ በጊዜያዊነት ይቆያል፣ ወይ ያጣል። እህቴ፣ ስብሰባው ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ እነዚህን ያዢ፦ አንድ ሐኪም በዓመት ከ250 አውቶፕሲ (አስከሬን ከፍቶ መመርመር) በላይ ከሠራ ቀላል ጉድለት ይመዘገባል። ከ325 ካለፈ ከባድ ነው።

ሒሳቡን ላሳይሽ። በዓመት 1,500 አውቶፕሲ የሚሠራ ቢሮ ስድስት ሐኪም ካለው እያንዳንዱ 250 ይደርሰዋል። አንዱ ጡረታ ወጣ እንበል፤ አምስቱ 300፣ 300 ይሆናሉ። ሁለተኛው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ፤ አራቱ 375። ሙሉ እውቅናው በዚያው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሐኪም መቅጠር ይብስ ይከብዳል፤ ማን ነው 375 አስከሬን ወደሚጠብቀው ቢሮ አውቆ የሚገባው? የቀሩትም ይደክማሉ። የደከመ ሐኪም ደግሞ ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ፍርድ ቤት ላይ አንድን ሰው ወደ እስር ቤት ሊልክ ወይም ገዳይን ነፃ ሊያወጣ ይችላል። 325 የሚለው መስመር የተሰመረው ለዚህ ነው።

የሪፖርቱም ጊዜ ይታያል። ከአሥር ሪፖርት ዘጠኙ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል መለኪያው። አንቺን አምስት ወር አስጠብቀውሻል። ይህን በእርጋታ፣ ሰው ሳትወቅሺ ተናገሪው።

ይህ በአንድ ቦታ ብቻ የሆነ አይደለም። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዋናው ሜዲካል ኤግዛሚነር ሠራተኛ አጥተን አስከሬን እየተከማቸብን ነው ብለው ለቀቁ። ኦክላሆማ በ2009 እውቅናዋን አጣች። ኮነቲከት ከሙሉ ወደ ጊዜያዊ የወረደችው በ2017 ነው፤ ፌንታኒል በሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሥራው ሲበዛ የሐኪሙ ቁጥር ባለበት ቀርቶ ነበር። ሜሪላንድን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

የእድር ጸሐፊ

እኔ አላስታውስም፤ የሜሪላንዱ ምንድን ነው?

ፓቶሎጂ ሬዚደንት

እኔ ልመልስ፤ በዚያን ወቅት ባልቲሞር ተማሪ ነበርኩ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፈተችው የፎረንሲክ (የሞት ምርመራ) ሕንፃ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነው። በ2022 መጀመሪያ ላይ ግን ከ200 በላይ አስከሬን ምርመራ እየጠበቀ ተከማቸ። ቦታ ጠፍቶ አስከሬን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ እስከማስቀመጥ ተደረሰ፤ ከፌደራል መንግሥት እርዳታ መጣ፤ ዋናው ሜዲካል ኤግዛሚነር በፌብሩዋሪ ወር ለቀቁ። ሕንፃው እዚያው ነበር። ማቀዝቀዣውም፣ ላቦራቶሪውም። የጠፋው ሐኪም ነው።

ሐኪሙ ለምን እንደማይገኝ እኔ በራሴ ልንገራችሁ፤ በዚሁ ጉዳይ ከቤተሰቤ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የከረምኩት። አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ዓመት የፓቶሎጂ ሬዚደንሲ፣ ማለትም በሽታን ከሰውነት ናሙና የመለየት የልዩ ሐኪምነት ሥልጠና። እዚህ ላይ ቆሜ ሆስፒታል ብቀጠር የባዮፕሲ ስላይድ እያየሁ ጥሩ እኖራለሁ። ፎረንሲክ ከፈለግሁ አንድ ዓመት ተጨማሪ ፌሎሺፕ እማራለሁ፤ ስጨርስ የምከፈለው ግን ሆስፒታል ከቀረው ጓደኛዬ ያነሰ ነው። ምክንያቱም ደሞዜ ከካውንቲ ወይም ከስቴት የደሞዝ ሰሌዳ ላይ ነው። የትምህርት ብድሩ ለሁለታችንም እኩል ነው። እናቴ ደግሞ «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጠፍቶ ነው?» ትለኛለች።

በ2009 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ትልቅ ሪፖርት በሙሉ ጊዜ የሚሠሩት ፎረንሲክ ፓቶሎጂስቶች 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ተጽፏል። ዛሬም ለመላው አሜሪካ ከ1,000 በታች ናቸው። በ2021 ብቻ በአገሪቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከዚያ ውስጥ ከ100,000 በላይ በአደንዛዥ ዕፅ መጠን ማለፍ ነው። እንዲህ ያለው ሞት እያንዳንዱ በሕግ ወደ እነዚህ ቢሮዎች ነው የሚመጣው።

ያው የ2009 ሪፖርት የኮሮነር ሥርዓት ቀርቶ በሐኪም በሚመራ ቢሮ ይተካ ብሏል። ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ በ1928 የወጣ ሌላ ብሔራዊ ጥናትም እንዲቀር ጠይቆ ነበር። ማሳቹሴትስ ኮሮነርን በሐኪም የተካችው በ1877፣ የኒውዮርክ ከተማ በ1918 ነው። እኔ ፎረንሲኩን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ምክንያቴ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለማይናገር ሰው መናገር ስለምፈልግ ነው። ብድሩን ግን በሌሊት አስበዋለሁ።

ማህሌት ነርስ

እግዚአብሔር ያበርታህ ወንድሜ። ከእናትህ ጋር ብታገናኘኝ እኔ እነግራታለሁ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ለከሌሊት ፈረቃ። እንዳንተ መርማሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል? ሐኪሙ ባይሞላ መርማሪው ቢሞላ አይቀልም?

ከሌሊት ፈረቃ

ይቀላል፣ በጣም። ቦታው ላይ በደንብ የሠራ መርማሪ ካለ ሐኪሙ «ይሄን መክፈት አያስፈልግም» ብሎ የሚወስነው አስከሬን ይበዛል። ነርስ ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ትመቻለች፤ መድኃኒት ታውቃለች፣ መዝገብ ታነባለች፣ ከሐዘንተኛ ጋር መነጋገር ትችላለች። አብዛኛው ቢሮ ከተቀጠርሽ በኋላ ያሠለጥንሻል። 640 ሰዓት ከሠራሽ በኋላ የሞት መርማሪዎች ቦርድ ለሚሰጠው ፈተና መቀመጥ ትችያለሽ፤ እውቅና የሚሰጡትም የዚህ ምስክር ወረቀት ያላቸው መርማሪዎች መኖራቸውን ይጠይቃሉ። አማርኛ የሚናገር መርማሪ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ... አንድ ሌሊት አንዲት እናት ልጃቸው ሞቶ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ አልገባቸው ብሎ በር ላይ ቆመው ነበር። «እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ» ስላቸው እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

ኡም ሰሚር

አሰላሙ አለይኩም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሲያትል ነኝ። ለእኛ ለሙስሊሞች ጀናዛ መዘግየት ከሁሉም የከበደ ነው፤ ሰው በሞተበት ቀን ወይም በማግስቱ ታጥቦ፣ ተሰግዶበት መቀበር አለበት። አቤል ወንድሜ የጠየቀውን እኛም ለዓመታት ስንጠይቅ ነበር፣ ስለዚህ ያገኘነውን ላካፍል።

አንዳንድ ስቴት በሃይማኖት ምክንያት አውቶፕሲ አንፈልግም ማለትን በሕግ ያውቃል። ካሊፎርኒያ ሰው በሕይወት እያለ ፈርሞ የሚይዘው የእምነት ሰርተፊኬት አላት። ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርዚና ሜሪላንድም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ግን ወንጀል ከተጠረጠረ ወይም የሕዝብ ጤና አደጋ ካለ አይሠራም፤ ይህንን ቤተሰቡ ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። ሕግ በሌለበትም ቢሆን ወዲያው፣ በመጀመሪያው ስልክ፣ «እምነታችን ይህን ይላል፣ ከውጭ በማየትና በደም ምርመራ ብቻ ይቻላልን?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። በሁለተኛው ቀን ከተጠየቀ ይመሻል። ኒው ሜክሲኮ አስከሬን በሲቲ ስካን የሚያዩበት ቢሮ አለ፤ ሳይከፈት ብዙ ነገር ይታያል። መሣሪያው ግን ያው ገንዘብ ነው፤ ምስሉን የሚያነበውም ሐኪም ነው።

የእኛን ስቴት የሚመለከት ደስ የሚል ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ትንንሽ ካውንቲዎች ጋ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ኮሮነር ነበር። የሚከሰውም እሱ፣ የሞቱን ምክንያት የሚወስነውም እሱ! በ2021 የወጣ ሕግ ያንን ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ አስቀረው፤ ቢሮዎቹም እውቅና እንዲያገኙ አስገደደ። ሕግ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። እህቴ የእድር ጸሐፊ፣ ስለዚህ ሂጂ።

አቤል ዳላስ

ኡም ሰሚር አላህ ይስጥሽ፤ ከሌሊት ፈረቃም አመሰግናለሁ። በልቤ የያዝኩት ቂም ነበር፣ አጎቴን ያለ ምክንያት የቀደዱት መስሎኝ። አሁን ሳስበው ሐኪም ቤት ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልቀበልም። ሐኪም አነሰ ማለት ቤተሰብ ስልክ ሲደውል መልስ አይሰጠው ማለት አይደለም። እኛን ያሳመመን ቀኑ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ምንም አለመንገሩ ነው።

ከሌሊት ፈረቃ

ልክ ነህ ወንድሜ። በዚህ አልከራከርህም። ቤተሰብን በየቀኑ የሚያነጋግር ሰው መቅጠር ከሐኪም በጣም ይረክሳል፣ ግን በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ሰው ነው። እህታችን ይህንን ጨምሪበት።

ዶክተር ከጉለሌ

እንደምን አላችሁ። ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ይህን ውይይት ከአንድ ዘመዴ አግኝቼ ነው። ስታነቡ እዚህ ያለውንም አስቡት። ለረጅም ዓመታት የፎረንሲክ ምርመራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቦታ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል። ከክልል ሳይቀር አስከሬን በመኪና ተጭኖ፣ ዘመድ ከኋላ ተከትሎ፣ የፖሊስ ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬ ቅዱስ ጳውሎስም አገልግሎቱ አለ፤ ግን ያለው ባለሙያ ከአገሩ ስፋት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። 250 እና 325 የሚለውን ሳነብ ቆም አልኩ። መስመር መኖሩ ራሱ፣ ሰው ያንን መስመር ይዞ መሪውን መጠየቅ መቻሉ፣ ትልቅ ነገር ነው። አለና ተጠቀሙበት።

የኛን ልጆች ደግሞ፣ ፓቶሎጂ ሬዚደንት፣ አንተንም ጭምር፣ ስታጠናቅቁ ለሁለት ሳምንት እንኳ መጥታችሁ ብታስተምሩ ተማሪዎቻችን ደስ ይላቸዋል።

ፓቶሎጂ ሬዚደንት

እመጣለሁ ዶክተር። በግል መልእክት እጽፍልዎታለሁ።

ቬጋስ ታክሲ

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ይጻፍ እንጂ። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የሚሉሽ «ገንዘብ የለም» ነው።

ከሌሊት ፈረቃ

ዋናው ከካውንቲው ወይም ከስቴቱ በጀት ነው፣ ከግብር። ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጣል፤ እነዚያ የሚጮህላቸው አላቸው፤ ስለ እኛ ቢሮ ሊናገር ወደ ስብሰባ የሚመጣ ነዋሪ እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ በተጨማሪ የፌደራል ድጋፍ አለ። በፖል ኮቨርዴል ስም የሚጠራው የፎረንሲክ ድጋፍ ገንዘብ አንዱ ነው። ሌላው የብሔራዊ ፍትሕ ተቋም ከ2017 ጀምሮ በተለይ ለነዚህ ቢሮዎች የጀመረው ነው፤ ሁለት ነገር ነው የሚደግፈው፣ የፎረንሲክ ፌሎሺፕ ሥልጠናንና ቢሮዎች እውቅና እንዲያገኙ ወይም እንዳያጡ ማድረግን። ማመልከት ያለበት ቢሮው ወይም አስተዳደሩ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ የለም» ካሉሽ «ለዚህ ድጋፍ አመልክታችኋል?» በያቸው።

ደሞዙንም ጠይቂ። ቦታው በበጀት ላይ ተፈቅዶ ዓመት ሙሉ ባዶ የሚቀመጥበት ቢሮ ብዙ ነው፤ በወረቀት ሰባት ሐኪም አለ፣ በሥራ ላይ ሦስት።

የእድር ጸሐፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሄድኩ። ልንገራችሁ።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። ወረቀቴን በእንግሊዝኛ ጽፌ ልጄ አርሞልኝ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ወንድማችን ጀመርኩ፣ ስሙን ሳልጠራ፤ ስለ 12 ቀኑና ስለ አምስት ወሩ። ከዚያ «ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ስንት አውቶፕሲ ሠራ? ከ325 በላይ ነው ወይስ በታች?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኮሚሽነሮቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ወደ ቢሮው ኃላፊ ዞረችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችለት።

በላይ ነው አለ። ሰውየው ሲናገር እፎይ ያለ ነበር የመሰለኝ፤ አንድ ሰው እንዲጠይቀው ሲጠብቅ የኖረ። አራት የሐኪም ቦታ ተፈቅዶ ባዶ እንደሆነ፣ አንዱ 14 ወር ማስታወቂያ ላይ እንደቆየ ተናገረ። ለመጡት አመልካቾች የሚያቀርበው ደሞዝ ጎረቤት ካውንቲ ከሚከፍለው በታች ነው አለ። ለፌደራሉ ድጋፍ አመልክተው እንደሆነ ስጠይቅ ማመልከቻውን የሚጽፍ ሰው የለንም አለ። አቤል ያልከውን፣ የቤተሰብ አገናኝ ሰው እንዲቀጠር፣ በመጨረሻዋ ግማሽ ደቂቃ አስገባሁት።

ምንም አልወሰኑም። የደሞዝ ሰሌዳው ማሻሻያ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይሁን ብላ ያቺው ኮሚሽነር ሐሳብ አቀረበች፣ ተቀበሏት። የሚቀጥለው ማክሰኞ 6:30 ላይ ነው። ስወጣ አንዲት ሴት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ባጅ አድርጋለች። «ስልክ ላይ የተቆጣሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። አቀፍኳት። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረኝም።

ሚስቱ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ለእሱ ባይደርስም ለሌላው ይድረስ» አለችኝ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባታቸውንም ነገረችኝ።

እዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ለማክሰኞ ቢያንስ 20 ሰው እፈልጋለሁ። መናገር የማይፈልግ ቁጭ ብሎ መታየቱ ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ 5:30 ላይ አብረን እንነሳለን፤ መስጊዱም አንድ ቫን እሰጣለሁ ብሏል። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው እንደምትይዙ እዚሁ ጻፉልኝ።

ማህሌት ነርስ

ሰሞኑን እዚያው ነኝ፣ እህቴ ጋ። የእሷ መኪና አራት ሰው ይይዛል። የዩኒፎርም ልብሴን ለብሼ ልምጣ ወይስ ተራ ልብስ?

የእድር ጸሐፊ

ዩኒፎርሙን ልበሺ።